ደም በወረቀት ሲመዘን፦ ከመቅደላ እስከ ለንደን የዘለቀው የዮና ኡስቲኖቭ ሕይወት

ዮና ኡስቲኖቭን በለንደን ጎዳና ያየ ሰው ከአውሮፓ መሳፍንት ቤት የወጣ ነው ከማለት በቀር ሌላ ግምት አይኖረውም ነበር። ቁመቱ አጭር፣ ቆዳው ነጭ፣ ንግግሩ ጨዋታ የሞላበት፣ በአንድ ዓይኑ ላይ ብቻ መነጽር የሚያደርግ፣ ጀርመንኛን፣ እንግሊዝኛን፣ ፈረንሳይኛንና ሩስኛን የሚያውቅ ሰው ነበር። እናቱ ግን የተወለደችው በአፄ ቴዎድሮስ የመጨረሻ ዘመን በመቅደላ ነው። አያቱም ወለተ ኢየሱስ ትባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 ያገለግለው የነበረው የጀርመን መንግሥት ይህን ሰው የዘሩን ንጽሕና በማስረጃ እንዲያረጋግጥ ጠየቀው። መልኩ ያላሳየውን ነገር ወረቀት እንዲያሳይ ተፈለገ።

ጉዳዩ ለድሬዳዋ ሰው ባዕድ አይደለም። ከተማዋ በ1902 ከባቡሩ ጋር ተወልዳ፣ ግሪኩና አርመኑ፣ ፈረንሳዩና ጣሊያኑ፣ የመኑና ሕንዱ ከአገሬው ጋር የነገደባት፣ የተጎራበተባትና የተዋለደባት ናት። መልኩ ታይቶ ፈረንጅ ወይም ዓረብ የተባለ ልጅ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛና በአማርኛ ሲመልስ መስማት ለከዚራና ለመጋላ ሰው ብርቅ ሆኖ አያውቅም። የኡስቲኖቭ ታሪክም የአንድ ክልስ ቤተሰብ ታሪክ ነውና፣ ከዚህ ከተማ ሆኖ ሲነበብ ሩቅ አይመስልም። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ከተባለባቸው በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከጋፋት እስከ ያፋ

የነገሩ መነሻ ኤድዋርድ ዛንደር የተባለ ጀርመናዊ ሠዓሊ ነው። ዛንደር በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በመጀመሪያ የሰሜንና የትግራይ ገዥ በነበሩት በደጃዝማች ውቤ ዘንድ አገለገለ። ውቤ በ1855 በደረስጌ ድል ሲሆኑ ደግሞ ወደ አፄ ቴዎድሮስ ግቢ ገባ። በአገሩም ሰው ሆኖ ኢትዮጵያዊት አገባ። ከእርሷ ከወለዳቸው ልጆች አንዷ ወለተ ኢየሱስ ናት፤ አውሮፓውያኑ ካታሪና እያሉ ይጠሯታል።

ወለተ ኢየሱስ ሞሪትዝ ሃልን አገባች። ሃል በፖላንድ ክራኮው ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልዶ በኋላ ክርስትናን የተቀበለ ሰው ሲሆን፣ በደብረ ታቦር አቅራቢያ በምትገኘው በጋፋት ለንጉሠ ነገሥቱ መድፍ ከሚያቀልጡት የአውሮፓ ሙያተኞች አንዱ ነበር። ንጉሡና የእንግሊዝ መንግሥት ሲጣሉ የጋፋት ሰዎች እንደ ሌሎቹ አውሮፓውያን ሁሉ ወደ መቅደላ ተወሰዱ። የሃል ሚስትም በዚያ የጭንቅ ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሲሰዉና አምባው በእንግሊዞች እጅ ሲወድቅ፣ በዚያው ሰሞን ሴት ልጅ ተገላገለች። ልጅቱንም በአምባው ስም ማግዳሌና አሏት።

ከእስር የተለቀቁት አውሮፓውያን ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ቀይ ባሕር ሲወርዱ ሃልም ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወጣ። ሽማግሌው ዛንደር ግን በዚያው ዓመት ሞተ። ቤተሰቡ በመጨረሻ በፍልስጥኤም ወደብ በያፋ ከነበሩት ጀርመናውያን ሰፋሪዎች መካከል ሰፈረ። በዚያም ወለተ ኢየሱስ ብዙ ልጆች አሳደገች።

ማግዳሌና ሃያ ዓመት ሲሆናት ባሮን ፕላቶን ፎን ኡስቲኖቭን አገባች። ባሮኑ ከሩስያ መኳንንት ወገን ሲሆን፣ የአባቶቹን ሃይማኖት ትቶ ወደ ፕሮቴስታንት በመግባቱ አገሩን ለቅቆ የጀርመኗን የቩርተምበርግን ዜግነት የተቀበለ ነው። በዕድሜም 28 ዓመት ይበልጣት ነበር። በያፋ ትልቅ የአትክልት ስፍራ ያለው ሆቴል ነበረው፤ የጀርመኑ ቄሣር ዳግማዊ ቪልሄልም በ1898 ቅድስት አገርን ሲጎበኙ ያረፉት በዚሁ ሆቴል ነው። ከመቅደላ የመጣችው ሴት የቤቱ እመቤት ነበረች። በዚያን ጊዜ የእመቤቲቱ እናት ማን እንደ ሆነች ጠይቆ ወረቀት የፈለገ ባለሥልጣን አልነበረም።

ወታደሩ፣ ጋዜጠኛው፣ የኤምባሲው ሰው

የበኩር ልጃቸው ዮና በያፋ ታኅሣሥ 2 ቀን 1892 ተወለደ። ስሙን ብዙም አይወደውም ነበርና ሰው ሁሉ ያወቀው ክሎፕ በተባለ ቅጽል ስሙ ነው፤ ቃሉ በሩስኛ ትኋን ማለት ነው። በአባቱ ዜግነት ጀርመናዊ ስለ ነበር ትምህርቱን በጀርመን ቀጠለ፤ ለጥቂት ጊዜም በፈረንሳይ ግረኖብል ተማረ።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ክሎፕና ታናሽ ወንድሙ ፔተር ለጀርመን ተሰለፉ። ሁለቱም በአየር ኃይሉ ውስጥ አገለገሉ። ፔተር በ1917 በቤልጅግ ግንባር ተገደለ፤ ክሎፕ ከነሜዳልያው ተረፈ። እንግዲህ የወለተ ኢየሱስ የልጅ ልጆች ለጀርመን ደማቸውን ሲያፈሱ ያ ደም ምን ዓይነት እንደ ሆነ ማንም አልመረመረም።

ከጦርነቱ በኋላ ክሎፕ የቮልፍ የዜና ወኪል ጋዜጠኛ ሆነ። በ1920 በአብዮትና በረሃብ ወደ ታመሰችው ሩስያ ገብቶ በዚያ የቀሩትን ቤተሰቦቹን ፈለገ። አባቱ ሞቶ ነበር፤ እናቱንና እኅቱን ግን በሕይወት አገኛቸው። በዚያው ጉዞ በፔትሮግራድ ናድያ ቤንዋ የተባለችውን ሠዓሊ ተዋወቀና በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አግብቷት ወጣ። ለንደን ከገቡ በኋላ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 1921 ወንድ ልጅ ተወለደላቸው። በጦር ሜዳ በቀረው አጎቱ ስም ፒተር አሉት። ይህ ልጅ ኋላ ዓለም የሚያውቀው ተዋናይና ጸሐፊ ፒተር ኡስቲኖቭ ነው።

ክሎፕ ከዜና ወኪሉ ወደ ጀርመን ኤምባሲ ተዛውሮ የፕሬስ ኃላፊ ሆነ። ግብዣ የሚወድ፣ እንግዳ የሚያበዛ፣ በአንድ ማታ ጨዋታ ሚኒስትሩንም አርቲስቱንም የሚያስቅ ሰው ስለ ነበር ለሥራው የተፈጠረ ይመስል ነበር። ገንዘብ ግን በእጁ አይበረክትም ነበር።

ወረቀቱ

በጥር 1933 ሂትለር ሥልጣን ያዘ። በሚያዝያ ወር የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ አሪያን ያልሆነ ሰው ከመንግሥት ሥራ እንዲወጣ አዘዘ። ከቀናት በኋላ የተጨመረው ደንብም ከአራቱ አያቶች አንዱ እንኳ አሪያን ካልሆነ የልጅ ልጁ አሪያን እንዳልሆነ እንደሚቆጠር ደነገገ። ከዚያ ወዲህ በጀርመን ሠራተኛው ሁሉ የአያቶቹን የልደትና የጥምቀት ምስክር ወረቀት ከየቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ መልቀም ጀመረ።

ይህ ሕግ በክሎፕ ላይ ሲዘረጋ የሚሆነው ግልጽ ነበር። የእናቱ አባት በክራኮው አይሁዳዊ ሆኖ የተወለደ ነው። የእናቱ እናት ደግሞ ከኢትዮጵያዊት የተወለደች ናት። ከአራቱ አያቶቹ ሁለቱ፣ ያውም ሁለቱም በእናቱ ወገን፣ በደንቡ ፊት የሚወድቁ ነበሩ። ማግዳሌና ከእናቷ ማኅፀን ይዛ የወጣችው ውርስ ከ67 ዓመት በኋላ ለንደን ድረስ ተከትሎ የልጇን እንጀራ ያዘ።

በ1935 በርሊን ማስረጃውን እንዲያቀርብ ክሎፕን ጠየቀችው። እርሱም ከአይሁድ ዘር አለመሆኑን አላረጋግጥም አለ። ሥራውንም አጣ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለ። ክሎፕ መልኩ አይከዳውም ነበር። እንደ ሌሎች ብዙዎች የአያቶቹን ስም አስተካክሎ፣ የያፋና የአቢሲኒያ መዛግብት ሩቅ ናቸው ብሎ፣ ቄስ ወይም ጸሐፊ ፈልጎ ነገሩን ለማለፍ መሞከር በቻለ። መልኩ ነጭ የሆነ ክልስ ሰው በዘረኝነት ፊት ሲቆም የሚደርስበት ፈተና ይኸው ነው። ጠላቱ በዓይን አያውቀውም፤ ስለዚህ ራሱን እንዲያጋልጥ ወይም ወላጆቹን እንዲክድ ይጠየቃል። ዝም ቢል የሚያልፍለት ዋጋው የእናቱ ስም ነው።

ይህ ምርጫ ራሱ ግን ለሁሉም የተሰጠ አልነበረም። ከመጀመሪያው ጦርነት በኋላ በራይን ወንዝ ዳር ከሰፈሩት የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ወታደሮችና ከጀርመናውያን እናቶች የተወለዱት ልጆች መልካቸው የሚታይ ነበርና ወረቀት የጠየቃቸው አልነበረም። በ1937 ወደ 400 የሚጠጉት በምስጢር ተይዘው መውለድ እንዳይችሉ ተደረጉ። የክሎፕ ቆዳ ከዚህ ሰውሮታል። ስለ እርሱ ሲነገር ይህም አብሮ መነገር አለበት።

አጎትየው በበርሊን

በዚያው በ1935 በዚያው ቤተሰብ ላይ የሆነ ሌላ ነገር አለ። የማግዳሌና ወንድም ዴቪድ ሃል ወደ እናቱ አገር ተመልሶ በአፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት በአማካሪነት ያገለግል ነበር። ጣሊያን ኢትዮጵያን ለመውረር ስትሰናዳ፣ ሌሎች መንግሥታትም የጦር መሣሪያ አንሸጥም ሲሉ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ዴቪድ ሃልን በምስጢር ወደ በርሊን ላኩት።

ሂትለር በዚያን ጊዜ ከሙሶሊኒ ጋር በኦስትሪያ ጉዳይ ይፎካከር ነበርና ጣሊያን በአፍሪካ ተይዛ ብትቆይ ይወድ ነበር። ስለዚህ ሦስት ሚሊዮን ራይሽስማርክ የሚያወጣ መሣሪያ በምስጢር እንዲሰጥ ተፈቀደ፤ ከዚህም ውስጥ 10,000 ማውዘር ጠመንጃ፣ 10 ሚሊዮን ጥይትና ፀረ ታንክ መድፎች ይገኙበታል። ጀርመን ሠራሽ መሆናቸው እንዳይታወቅም ምልክታቸው እንዲጠፋ ተደረገ።

ሁለቱን ነገሮች አጠገብ ለአጠገብ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። አጎትየው ከአይሁድ ተወላጅ አባትና ከክልስ ኢትዮጵያዊት እናት የተወለደ ነው፤ በሕጉ ዓይን ከእኅቱ ልጅ ይልቅ የራቀ ነው። ሆኖም ጥቅም ስለ ነበረበት በበርሊን የመንግሥት ቢሮ ተቀብሎ አነጋገረው። የእኅቱን ልጅ ግን ለጀርመን ተዋግቶ፣ ለጀርመን ጽፎ፣ ለጀርመን ተናግሮ ሳለ ከቢሮ አስወጣው። የዘር ሕግ ደምን ይለካል ይባል እንጂ፣ የሚለካው የባለ ሥልጣኑን ፍላጎት እንደ ሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል።

ያው ሚዛን በድሬዳዋ

የዘር ወረቀት በበርሊን ብቻ አልቀረም። ንጉሠ ነገሥቱን ወደ ስደት የወሰደው ባቡር በግንቦት 1936 መጀመሪያ በድሬዳዋ በኩል ወደ ጅቡቲ አለፈ። ከአንድ ሳምንት በኋላ፣ ግንቦት 9 ቀን፣ ከደቡብ የመጣው የግራዚያኒ ጦርና ከአዲስ አበባ በባቡር የመጣው የባዶሊዮ ጦር በድሬዳዋ ተገናኙ።

ከዚያ ወዲህ የጣሊያን መንግሥት ዜጎቹ ከአገሬው ሴቶች ጋር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖሩ በሚያዝያ 1937 በአዋጅ ከለከለ፤ ቅጣቱም እስከ አምስት ዓመት እስራት ነበር። በግንቦት 1940 የወጣው ሕግ ደግሞ ጣሊያናዊ አባት ከአገሬው ሴት የወለደውን ልጅ ልጄ ብሎ እንዳይቀበልና ስሙን እንዳይሰጥ አገደ። ልጁ በሕግ የእናቱ ወገን ተገዥ ብቻ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ ቀደም፣ በ1933፣ ለኤርትራና ለሶማልያ የወጣው የጣሊያን ሕግ ወላጆቹ ያልታወቁ ልጅ የሰውነቱ መልክ ተመርምሮ አንዱ ወላጁ ነጭ ነው ከተባለ ዜግነት ሊያገኝ የሚችልበትን በር ከፍቶ ነበር። በዚያ ሕግ ዓይንና አፍንጫ፣ ጸጉርና ቆዳ ማስረጃ ሆኑ። በሰባት ዓመት ውስጥ ግን መልኩ ምንም ቢነጣ የማይጠቅምበት ሕግ መጣ። በርሊን መልክን ትታ ወረቀት ጠየቀች፤ ሮም መጀመሪያ መልክን መረመረች፣ ኋላም መልኩንም አባቱንም ሰረዘች። መንገዱ ቢለያይም ልጁን ከአንዱ ወላጁ መነጠል የሁለቱም ዓላማ ነበር።

ድሬዳዋ እንዲህ ያለው ሕግ የሚጎዳት ከተማ ነበረች። የባቡር ሠራተኛው፣ ነጋዴው፣ መካኒኩ ከየአገሩ መጥቶ ቤት የሠራባት ከተማ በሕግ ዓይን መቀላቀሏ ራሱ ወንጀል ሆነ።

የተባረረው ሰው አገልግሎት

ክሎፕ ሥራውን ካጣ በኋላ ቤቱ ተቸገረ። ናድያ በሥዕልና በመድረክ ንድፍ ሥራዋ ታግዘው ነበር። የእንግሊዝ ዜግነት እንዲያገኝ የረዱት በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ከፍተኛ ባለሥልጣን የነበሩት ሰር ሮበርት ቫንሲታርት ናቸው። ዜግነት የሚጠይቅ ሰው ማመልከቻውን በጋዜጣ ማሳወቅ ነበረበት። ልጁ ፒተር ኋላ እንደ ተረከው፣ ማስታወቂያው የወጣው የጀርመን ኤምባሲ ሰዎች ሊያነቡት በማይችሉት በዌልስ ቋንቋ በሚታተም ጋዜጣ ላይ ነው።

ክሎፕ የእንግሊዝ የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ምስጢራዊ ሠራተኛ ሆነ። ከሁሉ የበለጠው ምንጩ በኤምባሲው ውስጥ የቀረው ዲፕሎማት ቮልፍጋንግ ዙ ፑትሊትዝ ነበር። ፑትሊትዝ ናዚዎችን የሚጠላ የመኳንንት ልጅ ሲሆን፣ በለንደን ሳለም ሆነ ወደ ኔዘርላንድ ከተዛወረ በኋላ፣ የጀርመንን ዝግጅትና ሐሳብ ለክሎፕ ያቀብለው ነበር። እንግሊዝ ከጦርነቱ በፊት ስለ ሂትለር ዓላማ ካገኘቻቸው ከባድ ማስጠንቀቂያዎች ብዙዎቹ በዚህ መንገድ የመጡ ናቸው። ሁልጊዜ ተሰምተዋል ማለት ግን አይቻልም። ጦርነቱ እንደ ተጀመረ ፑትሊትዝ ሸሽቶ አመለጠ። ክሎፕ በጦርነቱ ዘመን በሊዝበንም ሠርቷል፤ ከድሉ በኋላም የተማረኩ ጀርመናውያንን በመመርመር ተሳትፏል።

ጀርመን ይህን ሰው ያጣችው በራሷ እጅ ነው። ኤምባሲዋን ከውስጥ ያወቀ፣ ሠራተኞቿን በስም የለየ፣ ቋንቋዋን እንደ እናት ልጅ የተናገረ አገልጋይዋን የአያቱን ጥምቀት ስትመረምር ለጠላቷ ሰጠችው።

በዚያው ዘመን ልጁ ፒተር በለንደን ዌስትሚኒስተር ትምህርት ቤት ይማር ነበር። በ1936 የሂትለር አምባሳደር ሆኖ የመጣው የሪበንትሮፕ ልጅም እዚያው ትምህርት ቤት ገባ። ሁለቱ ልጆች በአንድ ግቢ ዋሉ፤ የአንዱን አባት እንጀራ ያሳጣው መንግሥት ሌላውን አባት በአምባሳደርነት ያስከበረው ነው።

የአያት ስም

ማግዳሌና ከያፋ፣ ከጀርመንና ከሩስያ በኋላ በየአገሩ ተንከራትታ በ1945፣ ያ የዘር ሕግ በወደቀበት ዓመት፣ አረፈች። ክሎፕ በእንግሊዝ ግሎስተርሸር ውስጥ በምትገኝ ትንሽ መንደር ታኅሣሥ 1 ቀን 1962 ሞተ። በማግሥቱ 70 ዓመት ይሞላው ነበር። ናድያ ስለ ባሏና ስለ ቤተሰቡ ታሪክ መጽሐፍ ጽፋ በ1973 አሳተመች።

ፒተር ኡስቲኖቭ ከሁሉም የላቀ ዝና አገኘ። በ1951 በተሠራው ፊልም ኔሮን ሆኖ ተጫወተ፤ በስፓርታከስና በቶፕካፒ ፊልሞች ሁለት ጊዜ የኦስካር ሽልማት ወሰደ፤ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት የበጎ ፈቃድ አምባሳደር ሆኖ ከሦስት አሥርት ዓመታት በላይ አገለገለ። በ1977 ባሳተመው ግለ ታሪኩ ኢትዮጵያዊውን ሐረጉን ሳይሸሽግ ተናገረ። በመጨረሻ ዘመኑም በስሙ የሚጠራ፣ ጭፍን ጥላቻን የሚያጠና ተቋም በቪየና ቆመ። መጋቢት 28 ቀን 2004 አረፈ።

በአማርኛ ዘር ከልጓም ይስባል ይባላል። በዚህ ቤተሰብ ግን ዘር ወደ አንድ ወገን ብቻ ሲስብ አልታየም። ጀርመናዊው ሠዓሊ፣ ኢትዮጵያዊቷ ሚስቱ፣ ከክራኮው የመጣው መድፍ አቅላጭና ሩስያዊው ባሮን ሁሉም በአንድ ሰው ውስጥ ተገናኙ፤ ያም ሰው ነጭ ፊት ይዞ በለንደን ጎዳና ሄደ። ችግሩ የመጣው አራቱ ስለ ተገናኙ አልነበረም። ከአራቱ ሁለቱን እንዲክድ በተጠየቀ ጊዜ ነው። ክሎፕ ብዙ ድካም የነበረበት፣ ገንዘብ አባካኝና ጨዋታ ወዳድ ሰው ነበር፤ ጀግና ሆኖ ልሙት ያለም አይደለም። ሆኖም ያን ወረቀት አልሞላም።

በድሬዳዋ ዛሬም በአንድ ቤት የግሪክ ወይም የአርመን የአባት ስም፣ የኦሮሞ ወይም የሐረሪ እናት፣ የአማራ ወይም የሶማሌ አያት የሚገኝበት ቤተሰብ አለ። ለእነዚህ ቤተሰቦች ልጆች የክሎፕ ሕይወት የሚያስተላልፈው ነገር ቀላል ነው፤ አያትህ ማን ናት ተብሎ ሲጠየቅ፣ መልኩ ቢደብቀውም ባይደብቀውም፣ ስሟን ሙሉ አድርጎ መጥራት ነው። የክሎፕ አያት ስም ወለተ ኢየሱስ ነበር።